ተደራሲን ፍለጋ፤ የማኅበራዊ መገናኛ ግብይትና የአማርኛ ድርሰት ቅርፅ

አንድ ድርሰት ሙሉ የሚሆነው ተደራሲ እጅ ገብቶ ሲነበብ ወይም ሲደመጥ መሆኑ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዘንድ ተደጋግሞ የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ ድርሰቱ ተደራሲው ዘንድ እንዴት ደረሰ? ማን ጠራው? በምን ቃል ጠራው? የሚሉት ጥያቄዎች ለአሳታሚውና ለነጋዴው የተተዉ፣ ከሂስ ክልል ውጪ የሆኑ ተደርገው ኖረዋል። ሐያሲው ሥራውን የሚጀምረው መጽሐፉን ከገለጠ በኋላ ነው፤ ማስታወቂያውና ምረቃው አይመለከቱትም። ይህ የሥራ ክፍፍል ለረጅም ዘመን ያስከተለው ጉዳት አነስተኛ ነበር። ድርሰቱ አልቆና ታትሞ የሚመጣ ማስታወቂያ ምንም ያህል ቢጮኽ የጽሑፉን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ሊለውጥ አይችልም ነበርና። ዛሬ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በርካታ ወጣት ደራስያን አንባቢያቸውን በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ አስቀድመው ይሰበስባሉ፤ መጽሐፉን የሚጽፉት ለተሰበሰበው ሕዝብ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ መገልበጥ ነው።

ስለ ጉዳዩ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ሁለት ስሞታዎች ናቸው። አንደኛው ወጣቱ ማንበብ ትቷል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው አማርኛው ተበላሸ የሚል ነው። ሁለቱም በዚህ ጸሐፊ እምነት ከጉዳዩ ዳር የሚቆሙ ናቸው። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ያነባል፤ ጥያቄው ምን ዓይነት ጽሑፍ በምን ዓይነት አነባበብ የሚለው ነው። የቋንቋ መበላሸት የሚባለውም በአብዛኛው የፊደል ግድፈት ነው፤ ግድፈት ደግሞ በአራሚ ይስተካከላል። በአራሚ የማይስተካከለው ተደራሲን የመሰብሰቡ ጥበብ ወደ ድርሰቱ ውስጥ ገብቶ በዐረፍተ ነገሩ ላይ፣ በግጥሙ ስንኝ ላይና በልብ ወለዱ ምዕራፍ አከፋፈት ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ለመመርመር የተሞከረው ይኸው ነው። ምርመራው በወግ፣ በግጥምና ከረጅም ልብ ወለድ ተቀንጭቦ በሚለጠፍ ጽሑፍ ላይ የተወሰነ ነው።

ተደራሲና ተከታይ

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ተደራሲ የምንለው የተደረሰለትን ሰው ነው። በመካከላቸው ድርሰቱ አለ፤ ድርሰቱ ከሌለ ተደራሲ የለም። ማኅበራዊ መገናኛው ያመጣው ቃል ግን ተከታይ የሚል ነው። በቆየው አማርኛችን ተከታይ ማለት ከጌታው ኋላ የሚሄድ ሎሌ ወይም የአንድ ሃይማኖት አማኝ ነው። ተከታይ የሚከተለው ሰውን ነው፤ የሚከተለው ሰው ለጊዜው ምንም ባይጽፍም ተከታይነቱ አይቋረጥም። በመሆኑም ሃምሳ ሺሕ ተከታይ ያለው ደራሲ ሃምሳ ሺሕ ተደራሲ አለው ማለት አይቻልም። ያለው ስለ እርሱ ለመስማት በር ላይ የቆመ ሰው ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውጤቱ የሚታይ ነው። ተከታይን ለማቆየት የሚያስፈልገው ዘወትር መታየት ነው። ደራሲው ለበዓል የመልካም ምኞት መልእክት ይጽፋል፤ ታዋቂ ሰው ሲሞት ኀዘኑን ይገልጻል፤ በየዕለቱ ወሬ ላይ አቋሙን ይጠየቃል፤ ዝም ካለ ዝምታውም ይተረጎማል። ቀስ በቀስም ደራሲው ራሱ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። የሚጽፈው ወግ አንደኛ መደብ ተራኪ "እኔ" የሚለው ያንን ገጸ ባሕርይ ነው፤ አንባቢውም ልብ ወለዱን ሲያነብ ተራኪውን ከደራሲው የመለየት ፈቃድ አይኖረውም። በአንደኛ ዓመት ትምህርት በብዙ ድካም የምናስተምረው የደራሲና የተራኪ ልዩነት በአንድ የአስተያየት መስጫ ገጽ ላይ ሲፈርስ ማየት የተለመደ ሆኗል። አንድ ተራኪ ሚስቱን ከፈታ ተከታዮቹ ደራሲውን ያጽናኑታል።

የአዝማሪው ብልሃት

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። አድማጭን በስሙ ጠርቶ፣ በልቡ ያለውን ገምቶ ድርሰትን ለእርሱ ማበጀት በእኛ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሥር የሰደደ ጥበብ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ሲዘዋወር የእያንዳንዱን ስም፣ አገር፣ አለባበስ እያየ ስንኙን ይገጥማል። እንግዳውም "ተቀበል" ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። እዚህ ላይ ተደራሲው ደራሲም ነው። የዛሬው የአስተያየት መስጫ ከተቀበል ጋር ያለው ዝምድና ቀላል አይደለም።

ከአዝማሪው ይልቅ ለዘመናዊው ማስታወቂያ የሚቀርቡት ግን ላሊበላ ወይም ሐሚና እየተባሉ የሚጠሩት የንጋት አዚያሚዎች ናቸው። ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆመው ከማዜማቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ በቤቱ በቅርቡ የደረሰውን ደስታና ኀዘን ከጎረቤት አጠያይቀው ይደርሱበታል። ከዚያም ጎሕ ሲቀድ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ሰው በስሙ ይጠሩታል። የፌስቡክ ማስታወቂያ ሥርዓት የተመልካቹን ዕድሜ፣ ከተማና ዝንባሌ አጥንቶ የሚስማማውን ማስታወቂያ ደጃፉ የሚያቆመው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቱ ኩባንያው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ተደራሲን መከተል ራሱ ኃጢአት ካልሆነ ችግሩ የት ላይ ነው? አዝማሪው የሚያዜመው ለአንድ ሌሊት ነው። ግጥሙ ለዚያ ቤት፣ ለዚያ ሰው የተበጀ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢረሳም ቅር የሚለው የለም። ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላ እንዲነበብ የሚጻፍ ልብ ወለድ ግን ሌላ ውል አለው። የጊዜያችን ጭንቀት ሁለቱ ውሎች በአንድ ገጽ ላይ መቀላቀላቸው ነው።

የሬዲዮ ትረካ ታሪክ ይህን ልዩነት ያጎላዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉን ማንበብ ለማይችለውና ለመግዛት አቅም ለሌለው ሕዝብ ያደረሰው ግን ከዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድምፅ እንጂ በፊደል የማያውቃቸው ሰው ብዙ ነው። ይህ ያለ ጥርጥር ተደራሲን የማስፋት ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬም የሚተካከለው ያገኘ አይመስልም። ሆኖም ትረካው ሲጀመር ድርሰቱ ያለቀ ነበር። ክፍሉ የት ላይ እንደሚቆም የወሰነው የሬዲዮው ሰዓት እንጂ የደራሲው ብዕር አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመወለዱ በፊት የአባቱን የቦጋለን የእናቱንም የውድነሽን ታሪክ ረጋ ብለው ሲያወጉ፣ አድማጭ ሬዲዮውን ይዘጋብኛል የሚል ሥጋት አልነበረባቸውም።

ሌላም ሌላም መንገድ ነበር። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ ሲቀር፣ ለመጽሐፉ ተደራሲ ያበዛለት እገዳው ነው። ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ እየተላለፈ ተነበበ። "ዴርቶጋዳ" በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ፌስቡክ በአገራችን ገና የጥቂቶች ነበር፤ የይስማዕከ ወርቁን መጽሐፍ ተደጋግሞ እንዲታተም ያደረጉት በየመንገዱ የሚሸጡት አዟሪዎችና የአንባቢ ወሬ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ለክርክራችን አስፈላጊ ነው። ምዕራፍን በልብ ሰቀላ የመዝጋት ዘዴ ማኅበራዊ መገናኛ የፈጠረው አይደለም። ዲከንስም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልብ ወለዶቹን በየወሩ ሲያሳትም ያውቀው ነበር። ስለዚህ አዲሱን ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ማሰሪያ አንቀጹ ሲቆረጥ

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አዲሱ ነገር የሚገኘው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው። ፌስቡክ ረዘም ያለ ጽሑፍን የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማንበብ መጫን ያስፈልጋል። ይህ አሠራር ግሡን ከፊት ለሚያስቀድሙ ቋንቋዎች የሚያመጣው መዘዝና ለአማርኛ የሚያመጣው መዘዝ አንድ አይደለም። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያው በመጨረሻ ነው። ጊዜው፣ ቦታው፣ ምክንያቱ፣ ሁኔታው ሁሉ ተደርድሮ ክብደቱ በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ያርፋል። ቆራጩ መሣሪያ የሚቆርጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። ለማሳያ ያህል በዚህ ጸሐፊ የተበጀ አንድ ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦

"አባቷ በሞቱ በአርባኛው ቀን፣ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ፣ እናቷ ጓዳ ሆና እያለቀሰች፣ ወንድሞቿ በር ላይ ቆመው እየተጠባበቁ፣ የአባቷን መሬት የቀማውን ሰው ልጅ ለማግባት ፈቀደች።"

ይህ ዐረፍተ ነገር "ለማግባት" ላይ ቢቆረጥ ልጅቷ ፈቅዳ ይሁን እምቢ ብላ አይታወቅም። አንባቢው በአርባኛው ቀን፣ በጥቁሩ ልብስ፣ በእናቲቱ ልቅሶና በወንድሞቹ መቆም ውስጥ አልፎ "ፈቀደች" ላይ ሲደርስ፣ ያች አንዲት ግሥ የአራቱን ሸክም ትሸከማለች። በዚህ ዓይነት የተጻፈው ለመገናኛው እንዲመች ሲታረም የሚከተለውን ይመስላል፦

"አገባችው። የአባቷን መሬት የቀማውን ሰው ልጅ። ጥቁር ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ። ገና በአርባኛው ቀን።"

ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ዓይን ይይዛል፤ ከተቆረጠም ግሡ አስቀድሞ ደርሷል። ይህ ስልት ለብቻው ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም፤ በጥሩ ደራሲ እጅ በቦታው ሲገባ እንደ ምት ይሆናል። የጠፋውን ግን እናስተውል። እናቲቱና ወንድሞቹ ከጽሑፉ ወጥተዋል። የወጡትም ለማሳጠር ብቻ ተብሎ አይደለም። ውሳኔው አስቀድሞ ከተነገረ በኋላ ወደ ውሳኔው ያደረሱት ሁኔታዎች ሥራ ፈት ስለሚሆኑ ነው። ኅብረተሰቡ ግሡን ይጫን ነበር፤ አሁን ግሡ ብቻውን ቆሟል። "ፈቀደች" የሚለው ቃልም "አገባችው" ሆኗል፤ የፈቃድ ጥያቄው በራሱ ተሰርዟል። የአገላለጽ ለውጥ የምንለው የጭብጥ ለውጥ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በአንድ ወግ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ ሦስት አራት ጊዜ ቢገኝ ቅመም ነው። ሦስት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር በዚህ ሲጻፍ ግን አንባቢው ደረጃ ሲወርድ የሚውል ሰው ይመስላል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በቅርብ ዓመታት መብዛታቸውን የመጻሕፍት መደብሮችን የሚጎበኝ ሁሉ ያያል። ስማቸውን መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያ ሥራን መቅጣት ደግሞ የሂስ ወጉ አይደለም።

ወደ ግጥሙ እንለፍ። ለመለጠፍና ለመቀባበል እጅግ የተመቸው ባለ አራት ስንኙ ግጥም ነው። በአብዛኛው በወል ቤት፣ ማለትም በስድስት በስድስት ቀለም ተመትሮ፣ ቤት ይመታና በአራተኛው ስንኝ ነገሩን ይገለብጣል። በአንድ ምስል ላይ ይሠፍራል፤ በክራር ወይም በፒያኖ ታጅቦ ቢነበብ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ይህም ሥር የሌለው አይደለም፤ የሕዝባችን ቃል ግጥም በአብዛኛው አጭር ነው፤ የቅኔ ቤቱ ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ነው። እንደ አንዳንድ መምህራን አጭር ስለሆነ ብቻ ማናናቅ የራስን ቅርስ አለማወቅ ይሆናል።

ልዩነቱ የሚመጣው በወርቁ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለማግኘት ይደክማል፤ አንዳንዴ ያድራል። ደስታው የሚገኘው በመዘግየቱ ውስጥ ነው። በፌስቡክ የተለጠፈ ኅብረ ቃል ያለው ግጥም ግን ወርቁ በደቂቃ ውስጥ ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው አስተያየት ሰጪ ይፈታዋል፤ አንዳንዴም ደራሲው ራሱ ተከታዩ እንዳያመልጠው ፈርቶ ይፈታዋል። የተፈታ ኅብረ ቃል የተነገረ እንቆቅልሽ ነው። ሁለተኛ የሚመጣው አንባቢ ግጥሙን ከመፍቻው ጋር ያገኘዋል። ገጣሚውም ይህን ሲያውቅ ከኅብረ ቃሉ ይልቅ በቀጥታ ስሜትን ወደሚነካ ስንኝ ያዘነብላል፤ የናፍቆት፣ የመከዳትና የእናት ግጥም የበዛው ከዚህ ነው። ብርሃኑ ገበየሁ በ1999 ዓ.ም. ባሳተሙት "የአማርኛ ሥነ ግጥም" የግጥምን ባሕርያት ሲያጠኑ ከፊታቸው የነበረው በአብዛኛው የታተመ ግጥም ነው። የዛሬው ተማሪ በእጅ ስልኩ የሚያነበውን ግጥም ለመተንተን ተመሳሳይ ትጋት ያስፈልጋል፤ እስካሁን ግን ለዚህ የሚሆን ሁነኛ መጽሐፍ አልተጻፈም ቢባል ድፍረት አይሆንም።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ክርክር ተካሂዷል። ሩፒ ካውር የተባለችው ካናዳዊት ገጣሚ አጫጭር ግጥሞቿን ከራሷ ሥዕል ጋር በኢንስታግራም እያቀረበች ተከታይ ካፈራች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ መድበሏን በራሷ አሳተመች፤ አሳታሚ ድርጅት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጽሐፉም በሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። ሐያስያኑ ለሁለት ተከፈሉ። የእኛ ሁኔታ ግን አንድ ነገር ይለየዋል። በዚያ የተከታይ ብዛት ወደ መጽሐፍ ገዢነት የሚለወጥበት የአሳታሚ፣ የመደብርና የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት አለ። በእኛ ዘንድ ደራሲው ራሱ ማተሚያ ቤት ይዋዋላል፣ ወረቀት ሲወደድ ራሱ ይጨነቃል፣ ለአዟሪ ራሱ ያከፋፍላል። ስለዚህ ማኅበራዊ መገናኛው ለእርሱ ቅንጦት አይደለም። የቀረው ብቸኛ ደጃፍ ነው። ይህን ያልተረዳ ሂስ ደራሲውን ስለ ልመናው ይወቅሰዋል እንጂ የተራበበትን አያውቅም።

የዓይን ቁጥርና የሰው ቁጥር

በቴሌግራም ቻናል ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አንድ ትንሽ ዓይንና ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ጽሑፉ በስንት ሰው ፊት እንዳለፈ ይናገራል፤ ወደ ሌላ ተላልፎ የታየውም ይደመርበታል። ስለ መነበቡ ግን የሚለው የለም። አንድ ደራሲ አሥር ሺሕ ዓይን ካየ በኋላ ጥቂት ሺሕ ቅጂ አሳትሞ ብዙው መጋዘን ሲቀርበት የሚደነግጠው ዓይንን ሰው አድርጎ ስለቆጠረ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ እዚያው ቻናል ላይ አለ። ተደራሲን የሚሰበስበው መንገድ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ተቃኝቶ በነፃ የሚበተንበትም መንገድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን እንደሚከለክል ይታወቃል፤ ስም በሌለው ቻናል ላይ አዋጅ ማስፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያሳዝነው እነዚህ ቻናሎች ንባብን ለማስፋፋት በሚል ስም መሰብሰባቸውና ብዙ ተከታይ ማፍራታቸው ነው። የሰው መጽሐፍ እየበተኑ ተከታይ ያበዛሉ፤ ተከታዩን ደግሞ ለማስታወቂያ ይሸጡታል። ደራሲው በዚህ ግብይት ውስጥ ሸቀጡ እንጂ ነጋዴው አይደለም።

በተጨማሪም ቦታው የኪራይ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ተዘግተው ነበር። በልዩ መንገድ የሚገባ ባይጠፋም በዚያ ወቅት መጽሐፍ ያስመረቀ ደራሲ ለዓመታት የሰበሰበውን ሕዝብ በአንድ ቀን አጥቶ ወደ ተለጣፊ ወረቀትና ወደ ስልክ ጥሪ ተመለሰ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠበት በአማራ ክልል ያለው አንባቢ ደግሞ ከዚህ ገበያ ጨርሶ ወጥቶ ከረመ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ተደራሲ ስንቆጥር ባሕር ዳርና ጎንደር ያልተቆጠሩበት ቁጥር ምን ይባላል?

ይሁንና ሚዛኑ በአንድ ወገን እንዳያጋድል ሌላውንም መናገር ይገባል። በቤት ሠራተኝነት በሪያድ፣ በዱባይና በቤሩት የምትኖር ወጣት የአማርኛ መጽሐፍ የምታገኝበት መደብር የላትም፤ ቢኖርም የምታነብበት ሰዓት የላትም። እጇ ሥራ ላይ እያለ በጆሮዋ ግን ትረካ ትሰማለች። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የተላለፉ ትረካዎችም ሆኑ ሌሎች በዩቲዩብ እየተጫኑ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በአውሮፓ ከተሞች ይደመጣሉ። ማየት ለተሳናቸው ወገኖችም ይህ የተከፈተ በር ነው። ለሥነ ጽሑፍ ቅርፅ ደግሞ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት አስከትሏል። ፌስቡክ ዐረፍተ ነገሩን ሲያሳጥር ትረካው ያረዝመዋል። ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ትረካን የሚታገሥ አድማጭ አለ። ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ የሚመጣው ረጅም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በዓይን ሲቆረጥ በጆሮ ግን ይዘልቃል፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ቆይቶ ግሡ ላይ ሲወርድ አድማጩ ይከተለዋል። ስለዚህ ማኅበራዊ መገናኛ ልብ ወለድን ገደለ የሚለው የጅምላ ፍርድ አይቆምም። የሚቆርጠው ገጽ አንድ ነው፤ የሚያስረዝመው ድምፅ ሌላ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የመጪው ዘመን የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ዕድል ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው ዘንድ የሚገኝ ይመስላል።

ተቀንጭቦ የማይወጣው

አሁን ወደ ቅንጭቡ እንመለስ። መጽሐፍን ለማስተዋወቅ ከውስጡ አንድ አንቀጽ ወስዶ መለጠፍ ዋነኛው የግብይት ዘዴ ሆኗል። የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ወይ የፍቅር ትዕይንት፣ ወይ ጠብ፣ ወይም ጥቅስ የሚመስል አባባል ነው። ልምዱ ሲጠናም ደራሲው በየምዕራፉ መጨረሻ የሚቀነጨብ አባባል መትከል ይጀምራል። ገጸ ባሕርያቱም እየተጠራጠሩና እየተሳሳቱ መናገር ትተው በጥቅስ ይናገራሉ። በልብ ወለድ ውስጥ የአባባል ብዛት የብስለት ምልክት የሚመስላቸው ተማሪዎች የበዙት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በተቃራኒው የአዳም ረታን ሥራዎች እንመልከት። "ግራጫ ቃጭሎች"ም ሆነ "መረቅ" በቀላሉ አይቀነጨቡም። ደራሲው ሕጽናዊነት ሲሉ በሰየሙት አካሄድ ነገር ከነገር፣ ገጽ ከገጽ፣ አንዳንዴም መጽሐፍ ከመጽሐፍ ይተሳሰራል፤ ከመካከል አንድ አንቀጽ ነጥለን ብናወጣ የተነጠለው ከእንጀራው ላይ የተቀደደ ቁራሽ ይሆናል፣ ዓይኖቹን የሚያይለት የለም። ቢሆንም አንባቢ አላጡም። አንባቢዎቻቸው መጽሐፎቹን እየተመላለሱ የሚያነቡ፣ በቡድን ተቀምጠው የሚከራከሩ ናቸው። ይህ ተደራሲ በቁጥር ከባለ ብዙ ተከታዮቹ ያንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ተከታይ ሳይሆን ተደራሲ ነው፤ በመካከሉ ድርሰቱ አለ።

በሌላ በኩል በመገናኛው በደንብ የሠራውም አለ። በዕውቀቱ ስዩም በፌስቡክ ሰፊ አንባቢ ካላቸው ጸሐፍት አንዱ ነው። ይሁንና ወደዚያ የገባው ባዶ እጁን አይደለም፤ በግጥም መድበሎቹ፣ በጋዜጣ ወጎቹና በመድረክ ንባቡ ያፈራውን አንባቢ ይዞ ነው። ወጉም ቀድሞውኑ ከዕለት ገጠመኝ ተነሥቶ በፌዝ የሚጓዝ ስለነበር ገጹ አልጠበበውም። ወጣት ደራስያን የእርሱን ተከታይ ብዛት አይተው መንገዱን ሲመኙ፣ ከኋላው ያለውን የኅትመትና የመድረክ ዓመታት ሳይቆጥሩ ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ የሚመዝነው ማን ነው? የጋዜጦች የሥነ ጽሑፍ ዓምዶች ከጋዜጦቹ ጋር አብረው እየሳሱ ሄደዋል። በምትካቸው የመጣው በምረቃ ዕለት የሚነበበው "ዳሰሳ" የወዳጅ ምስክርነት ነው። ዘሪሁን አስፋው በ1992 ዓ.ም. ባሳተሙት "የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን" የተማርንባቸው የትንተና መሣሪያዎች አሁንም አላረጁም፤ ሥራ ፈተው ተቀምጠው እንደሆነ እንጂ።

ለጥናት የሚነሡ ተማሪዎች በቅድሚያ የሚገጥማቸው ችግር የምን ጽሑፍ ነው የምናጠናው የሚለው ይሆናል። የታተመ መጽሐፍ እትሙ ይታወቃል፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ይነጻጸራል። በቴሌግራም የተለጠፈ ወግ ግን ደራሲው በፈለገ ጊዜ ያርመዋል፤ የሚታየው መታረሙ ብቻ ነው፤ ምኑ እንደታረመ አይታይም። ፌስቡክ የእርማት ታሪክ ቢያስቀምጥም ጽሑፉ ከተሰረዘ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ወጉ ወደ መጽሐፍ ሲገባ ደግሞ ከሥሩ የነበሩት አስተያየቶች ይቀራሉ። ደራሲው በወጉ አጋማሽ ላይ "ትናንት አንዱ እንዲህ ብሎኝ" እያለ የሚመልስለት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ አንባቢው የሚሰማው መልሱን ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በእንዲህ ያለ ወግ ላይ የሚሠራ ተማሪ ጽሑፉን ከነአስተያየቱ፣ ካየበት ቀንና ሰዓት ጋር ገልብጦ በወረቀት ማስቀመጥ ይኖርበታል። ለጊዜው ከዚህ የተሻለ ዘዴ ይህ ጸሐፊ አላገኘም።